ደሴ ላይ ያሠራሁት የኋላ ፍሬን

ከጀርመን መጥቼ ክረምቱን ወሎ ከቤተሰብ ጋር አሳለፍኩ። ስለተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶች አብዛኛው የምለው ጥሩ ነው። ስለ ጋራዥ ግን ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። በክረምት ጭጋግ ሐረጎን፣ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለውን ቁልቁለት፣ መኪና ይዞ የሚወርድ ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

ሌላውን ቶሎ ልጨርስ። ደሴ ያረፍኩበት ሆቴል ንጹሕ ነው። ጠዋት ሙቅ ውሃ አለ፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ ወዲያው ይነሳል። ሐይቅ ከተማ የበላነው ዓሣ ትኩስ ነበር። አስተናጋጆቹ እንግዳ ማክበር ያውቁበታል። ከውጭ መጣች ብለው ዋጋ አልጨመሩብኝም፤ ይህን ከልቤ አመሰግናለሁ።

መኪናው ከአዲስ አበባ የተከራየሁት ቪትዝ ነው። አከራዩ «ሰርቪሱ ተደርጎ ያለቀ ነው» ብሎ ሰጠኝ። እስከ ደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጣርማ በርን አልፎ እስከ ሸዋ ሮቢት ያለው ቁልቁለት ብቻውን ፍሬን ይፈትናል። ከሚሴን ካለፍን በኋላ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ከኋላ የብረት መፋጨት መስማት ጀመርኩ። ከኮምቦልቻ በኋላ ዳገት ስለሆነ በዝግታ ደሴ ገባሁ። በማግስቱ ሰው የጠቆመኝ ጋራዥ ወሰድኩት።

አቀባበላቸው መልካም ነበር። ልጁ አንዴ ነድቶት ተመለሰና «የኋላ ሸራ አልቋል፣ እህቴ። አብሽሪ፣ ቀላል ነው። ቡና ጠጥተሽ ተመለሺ» አለኝ። ሸራ የሚባለው ፍሬን ሲያዝ ታምቡሩን፣ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት፣ ከውስጥ እየተፋጨ የሚያቆመው ነው። ስመለስ መኪናው ታጥቦ ቆሟል። ድምፁም ጠፍቷል። ደረሰኙ ላይ «የኋላ ፍሬን ሸራ ቅየራ፣ ግራና ቀኝ» ይላል። አሮጌውን ሸራ አሳዩኝ ስላቸው «ጣልነው» አሉኝ። ከፍዬ ወጣሁ።

ጥርጣሬዬ የጀመረው ከዚያው ቀን ማታ ነው። ፔዳሉ ከበፊቱ ይልቅ ወደ ታች ይሰምጣል። ዝናብ ባረጠበው አስፋልት ላይ ጠበቅ አድርጌ ስይዝ የመኪናው ጭራ ይንሸራተታል። አቁሜ ወርጄ እጄን ወደ ቸርኬዎቹ ጠጋ ሳደርግ የቀኙ የኋላ ጎማ ይፋጃል፣ የግራው ቀዝቃዛ ነው። አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ ሁለት ጎማዎች እንዲህ አይለያዩም። በሁለተኛው ቀን የፍሬን ዘይቱ ከነበረበት ምልክት ዝቅ ብሎ አገኘሁት።

ጋራዡ ደወልኩ። «አዲስ ሸራ እስኪላመድ ነው» አሉኝ። አዲስ ሸራ ከታምቡሩ ጋር እስኪላመድ ጊዜ እንደሚፈልግ እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ደከም ሊል ይችላል። ግን የፍሬን ዘይት አይጠጣም። ዘይት ከቀነሰ የሚሄድበት ቦታ አለ ማለት ነው።

በዚያው ሳምንት አክስቴን ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ መቀበል ነበረብኝ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። ይህ ሁሉ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው፣ በዚያ ላይ ኩርባው። በዚያ ፍሬን ሐረጎን አልወርድም ብዬ መኪናውን አቆምኩና በሚኒባስ ሄድኩ። ሹፌሩን ላመስግነው። ገና ከቁልቁለቱ አፋፍ ማርሽ ቀንሶ በሞተር ኃይል እየያዘ ወረደ። ፍሬኑን የሚነካው ኩርባ ጋ ብቻ ነው። ቁልቁለትን እንዲህ ነው መውረድ። ፍሬን ላይ እግር ተጭኖ ከተወረደ ሸራው ይግላል፣ የመያዝ ኃይሉም ይቀንሳል። ውሃ የሳበ አሮጌ የፍሬን ዘይት ደግሞ በሙቀቱ ይፈላና ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል። እርጥበት ከሳበ በኋላ ግን መመዘኛው 140 ዲግሪ ነው።

ስመለስ አጎቴ ወደሚያውቃቸው ሌላ መካኒክ ወሰደኝ። ጠና ያሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው። «ጋሼ፣ ሲከፈት ማየት እፈልጋለሁ» አልኳቸው። «ነይ እዪ፣ ልጄ። መኪናው በእጅሽ ያለ ነው» አሉኝ። ይህች አንዲት መልስ ለእኔ ግማሽ አገልግሎት ናት።

በክሪክ አንስተው ሁለቱንም የኋላ ጎማ ፈቱ። የቀኙ ታምቡር ሲወጣ ሸራው በእርግጥ አዲስ ነው። ታምቡሩ ግን ውስጡ በጥልቅ ተቧጥሯል፤ ያለቀው ሸራ ብረት ለብረት ሲፋጭ የቆየበት ነው። የግራው ሲወጣ ሸራው አሮጌው ነው። ገና ውፍረት አለው፣ ግን በፍሬን ዘይት ርሷል። የፍሬን ሲሊንደሩ ጎሚኒ፣ ዘይቱ እንዳይወጣ የሚያሽገው ላስቲክ፣ አልቆ ያፈስሳል።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ግልጽ ሆነ። የግራው ሸራ በዘይት ስለሚንሸራተት አይዝም። የኋላውን ሥራ ሁሉ ቀኙ ብቻውን ሲሠራ ከርሞ አለቀ። የመጀመሪያው ጋራዥ ድምፅ የሚያሰማውን ጎን ቀይሮ ዝም አለ። ምክንያቱ ግን በግራ በኩል ነበር። መካኒኩ እንዳሉኝ ዘይት የጠጣ ሸራ ቢታጠብም ቢፈገፈግም ተመልሶ አያገለግልም። ደግሞ የአንድ አክስል ሸራ በግራና በቀኝ አብሮ ነው የሚቀየረው። አለበለዚያ አንዱ ይይዛል፣ አንዱ ይለቃል፤ እርጥብ መንገድ ላይ ጭራው የሚሸሸውም ለዚህ ነው።

ታምቡሩን ቶርኖ ቤት ልከው አስተካከሉት። ከመላካቸው በፊት ግን ታምቡሩ ላይ የተጻፈውን የመጨረሻ ስፋት አሳዩኝ። ከዚያ ካለፈ መጣል እንጂ መላግ እንደሌለበት ነገሩኝ። በሁለቱም ጎን አዲስ ሸራና አዲስ ጎሚኒ ገባ። አሮጌው ዘይት ወጥቶ አዲስ ተሞላ፣ ከመስመሩ አየር ወጣ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስተካከለ። የወጣውን ዕቃ በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። «ትንሽ ነድተሽ ተመለሺ፣ አየዋለሁ» ብለው ለሁለተኛው ቼክ ምንም አላስከፈሉኝም። ዘይቱ ከምልክቱ አልወረደም። ከዚያ በኋላ ሐረጎን ወርጄበታለሁ፣ ውጫሌም ደርሼበታለሁ። እኚህን ሰው ያለ ማቅማማት ለማንም እጠቁማለሁ።

በምኖርበት ጀርመን መኪና አዲስነቱ ካለፈ በየ 2 ዓመቱ ይመረመራል። ፍሬኑ በሮለር ላይ የግራውና የቀኙ ለየብቻ ይለካል። እንዲህ ያለ ልዩነት እዚያ በደቂቃ ይታያል። እኛም አገር ለቦሎ ዓመታዊ ምርመራ አለ። በምርመራ መካከል ግን ባለንብረቱን የሚጠብቀው የመካኒኩ ህሊና ነው።

መለዋወጫ መወደዱን አውቃለሁ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ጋራዦች ላይ ያለው ጫና ቀላል አይደለም። «የግራው ገና ነው፣ ለጊዜው አንዱን ልቀይር?» ብለው ቢጠይቁኝ እምቢ እል ነበር፣ ግን አልቀየምም። ያስቀየመኝ ያልተሠራውን ተሠራ ማለታቸው ነው። ከኋላዬ እናቴ ነበረች የተቀመጠችው።

ፌስታሉን ይዤ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ተመለስኩ። ባለቤቱ መጀመሪያ ካደ። የኋላ ሸራ በፓኬት 4 ሆኖ ነው የሚሸጠው፣ ለአንድ ጎማ 2። ደረሰኙ ላይ ያስከፈሉኝ የሙሉውን ነው። «የቀሩት 2 የት ሄዱ?» ስለው ልጁን ጠራው። ልጁ አንገቱን ደፋ። ባለቤቱ ይቅርታ ጠይቆ የእጅ ዋጋውን እዚያው መለሰልኝ። የሸራውን ዋጋ ግን «በኋላ» አለ።

አከራዩም ፎቶና ደረሰኝ ስልክለት የሁለተኛውን ጋራዥ ወጪ ከኪራዩ ቀነሰልኝ፤ በዚህ አከብረዋለሁ። ቢሆንም ሰርቪስ ተደርጓል ብሎ የሰጠኝ መኪና የኋላ ታምቡሩ አልተከፈተም ነበር። በሚቀጥለው ጊዜ ከእሱ የምከራይ ከሆነ ከመፈረሜ በፊት የኋላ ጎማዎቹ ይፈታሉ፤ ይህንንም ነግሬው ተስማምቷል። የጋራዡን ቀሪ ሂሳብ ደሴ ያለው ወንድሜ እየተከታተለው ነው። ደረሰኙም እሱ ዘንድ ነው።