ለልጆች መጫወቻ ሜዳ፦ የጎማ ፍርፋሪ ወይስ የእንጨት ፍቅፋቂ?

አሜሪካ ውስጥ ብዙ ቦታ ዥዋዥዌና ሸርተቴ ስር የሚነጠፈው ካሮጌ የመኪና ጎማ የተፈጨ ፍርፋሪ ነው። ለመውደቅ ጎማው ይሻላል፤ የአገሪቱ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን መመሪያ እንደሚለው ከ3 ሜትር ገደማ ለሚወድቅ ልጅ ጎማው 15 ሳንቲሜትር ውፍረት ይበቃዋል፣ እንጨቱ ግን 23 ይፈልጋል።

እኔን የሚያሳስበኝ ኬሚካሉ ነው። ጎማ ውስጥ ዚንክ፣ ሊድና ፒኤኤች (በነዳጅ ዘይት ውስጥ የሚገኙ የኬሚካሎች ቡድን) የሚባሉ፣ አንዳንዶቹ ካንሰር አምጪ የሆኑ ነገሮች አሉ። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ እንዲህ ባለ ፍርፋሪ ውስጥ የስምንት ፒኤኤች ዓይነቶችን ድምር በኪሎ 20 ሚሊግራም ገድቧል። መኖራቸው ብቻ ልጁ ይታመማል ማለት አይደለም፤ ግን ትንንሾቹ ያገኙትን ሁሉ አፋቸው ውስጥ ይከታሉ! በዚያ ላይ በበጋ ፀሐይ እግር ያቃጥላል።

እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ይበተናል፣ በየጊዜው መሙላት አለበት። ቢሆንም ለሕፃናት እሱን እመርጣለሁ፣ ኬሚካል ያልተነከረውን። ሜዳችሁ ጎማ ከሆነ ከጨዋታ በኋላ እጃቸውን አስታጥቡ፣ ጫማቸውንም በር ላይ አራግፉ።