ከ9 ወር በኋላ፦ ችግሩ 42ቱ ሳይሆን 51ዱ ነበር

ይህን የጠላቂ ሰዓት ከገዛሁት 9 ወር ሞላው። ሰባቱን ወር ስጣላው ከረምኩ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ግን ለእንቅልፍ ካልሆነ በቀር ከእጄ ወርዶ አያውቅም። በመሃል የተቀየረው ሰዓቱ አይደለም፤ የታሰረበት መንገድ ነው።

ሌላውን ቶሎ ብዬ ልለፈው። ጊዜ በደንብ ይይዛል። ጨለማ ውስጥ ጎልቶ ይነበባል። በሳምንት ሁለት ቀን አብሮኝ ይዋኛል፤ ጠብታ ውኃ አልገባበትም። መስታወቱ አልተጫረም። እንዲህ ካለ ውድ ሰዓት ይህ ሁሉ የሚጠበቅ ስለሆነ ብዙ የምለው የለኝም። የምለው ያለኝ ስለ ልኩ ነው።

የገዛሁ ዕለት የሆነውን ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሻጩ ትሁት ሰው ነበር። ሰዓቱን ከሳጥኑ አውጥቶ እጄ ላይ አደረገው። የብረት ማሰሪያው ገና አላጠረም፤ የመጣበት ላስቲክ እንኳ አልተላጠለትም። ስለዚህ ሻጩ የተረፈውን ማሰሪያ ከእጄ ሥር በሁለት ጣቱ ጨምቆ ያዘልኝ። ሰዓቱ አንጓዬ ላይ ልጥፍ አለ። መስታወት ፊት ቆምኩ፣ እጄን ዝቅ አደረግሁ፣ አማረኝ። «42 ሚሊ ሜትር ስፋት እኮ ዛሬ መካከለኛ ነው፤ ለእርስዎ ልክዎ ነው» አለኝ። አመንኩት።

ያን ዕለት ሰዓቱን ልክ ያደረጉት የሻጩ ሁለት ጣቶች ናቸው። እነሱ የሠሩትን ሥራ ማሰሪያው ብቻውን ሊሠራው አልቻለም።

ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አየሁት። ጠዋት ልክ የነበረው ከሰዓት በኋላ ይጠብቃል፤ በሙቀት እጅ ያብጣል። ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይላላል። ሲላላ የራሱ ክብደት ወደ ውጭ ይጎትተውና ዘንበል ይላል። ዘንበል ሲል መሙያው (ከሰዓቱ ጎን ያለው የሚዞር ጉጥ) የእጄን ጀርባ ይወጋል። ኪቦርድ ላይ እጄን ባሳረፍኩ ቁጥር መሙያው እዚያችው ቦታ ላይ ነው። ወር ሳይሞላ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ቀይ ምልክት እጄ ላይ ወጣች። ስብሰባ ላይ ተቀምጬ በቀኝ እጄ ሰዓቱን ወደ ቦታው ስመልስ፣ ደግሞ ሲንሸራተት፣ ደግሞ ስመልስ ነበር የምውለው። የሸሚዝ እጅጌዬም ላዩ ላይ ተሰብስቦ ይቀራል እንጂ አልፎት አይወርድም።

ሻጩ «ይለምዱታል» ብሎኝ ነበር። ይህች ቃል እስከ ዛሬ ታናድደኛለች። ጫማ ይለመዳል፤ ቆዳው እየለሰለሰ የእግርን ቅርጽ ይይዛል። ብረት ግን የእጅን ቅርጽ አይዝም። በ7 ወር ውስጥ የለመድኩት ነገር ቢኖር ሰዓቱን ማውለቅ ነው።

በሦስተኛው ወር አንድ ቅዳሜ ሜትርና ካሊፐር (ጥቃቅን ርዝመት የሚለካ መሣሪያ) ይዤ ተቀመጥኩ። የእጄ አንጓ ዙሪያው 16 ተኩል ሴንቲ ሜትር ነው፤ እንግዲህ ቀጭንም ወፍራምም የማይባል። የሰዓቱ ስፋት እንደተባለው 42 ሚሊ ሜትር ነው። ማንም አልዋሸኝም። ከዚያ ማንም ያልነገረኝን ለካሁ። ማሰሪያው የሚያዝባቸው አራት ቀንዶች አሉ አይደል? ከላይኛው ቀንድ ጫፍ እስከ ታችኛው ቀንድ ጫፍ 51 ሚሊ ሜትር ሆነ። አንጓዬ ላይ ጠፍጣፋ የሆነው ቦታ ደግሞ 49 ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ እጄ ወደ ታች መታጠፍ ይጀምራል።

ሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። ነገር ግን የብረት ማሰሪያው የመጀመሪያ ቁራጭ ከቀንዱ እንደወጣ ወዲያው አይታጠፍም። በሁለቱም በኩል ትንሽ ወደ ፊት ይሄድና ነው ወደ ታች የሚወርደው። ይህ ሲደመር 51 የነበረው 56 ሆኖ አረፈው። እጄን ወደ መስኮት አዙሬ ከጎን ሳየው፣ በማሰሪያውና በቆዳዬ መካከል ብርሃን ያልፋል። የእስክሪብቶ ክዳን አስገባሁበት፤ ገባ።

የሰዓቱ የጀርባ ክዳን ደግሞ ጉብ ያለ ነው። ሰዓቱ አንጓዬ ላይ የሚያርፈው በዚያች ጉብታ ነው፤ ቀንዶቹ አየር ላይ ናቸው። በዚያ ላይ ከነማሰሪያው 190 ግራም ይመዝናል። በጉብታ ላይ የቆመ ከባድ ነገር መወዛወዙ አይቀርም።

እዚህ ላይ ስለ ስፋት የሚወራውን ነገር ማንሳት እፈልጋለሁ፤ እኔንም ያሳሳተኝ እሱ ነውና። ሰዎች «40 ትልቅ ነው፣ 42 አይለበስም፣ 39 ልክ ነው» እያሉ ይከራከራሉ። በ1953 ብቅ ያሉትን ሁለቱን ታዋቂ የጠላቂ ሰዓቶች እንውሰድ (ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። የብላንፓን ፊፍቲ ፋዞምስ ለፈረንሳይ ባሕር ኃይል ዋናተኞች የታሰበ ሲሆን ወደ 42 ሚሊ ሜትር ይጠጋ ነበር። የሮሌክስ ሰብማሪነር ግን 40 አይሞላም ነበር። ሁለቱም ባሕር ውስጥ ሥራቸውን ሠርተዋል። የጠላቂ ሰዓት መስፈርት የሆነው አይ ኤስ ኦ 6425 እንኳ ቢያንስ 100 ሜትር ጥልቀት እንዲችል፣ ጨለማ ውስጥ ከ25 ሴንቲ ሜትር ርቀት እንዲነበብ ይላል እንጂ የሰዓቱ ስፋት ይህን ያህል ይሁን አይልም።

ሌላም ልጨምር። ሰብማሪነር በ2020 ከ40 ወደ 41 ሚሊ ሜትር አደገ። እጃቸው ላይ ያደረጉት ብዙዎች ግን አዲሱ ቀጠን ያለ መሰለን አሉ። ለምን? ቀንዶቹ ቀጭን ተደርገዋል፣ ማሰሪያው ደግሞ ሰፋ ብሏል። ቁጥሩ ጨምሮ ስሜቱ ቀነሰ። ታዲያ በአንድ ቁጥር ብቻ እንዴት ሰዓት ይመረጣል?

የጠላቂ ሰዓት ዓይንንም ያታልላል። ዙሪያውን ያለው ተሽከርካሪ ቀለበት ወፍራምና አብዛኛውን ጊዜ ጥቁር ስለሆነ ፊቱ ጠበብ ብሎ ይታያል። 42 የሆነ የጠላቂ ሰዓት፣ ቀለበት ከሌለው ባለ ነጭ ፊት 42 አነስ ያለ ይመስላል። ሻጩ «ልክዎ ነው» ሲለኝ ዓይኑን አምኖ ይሆናል። መስታወት ፊት እኔም ያው ነው ያየሁት። ግን ማማርና መቀመጥ ለየቅል ናቸው። መስታወት የሚያሳየው ማማሩን ነው።

የሚቆጨኝ ውፍረቱ ነው። 14 ተኩል ሚሊ ሜትር! ሰዓቱ 500 ሜትር ይችላል። ያንን ግፊት ለመቋቋም መስታወቱም፣ የጀርባ ክዳኑም፣ ቀፎውም መወፈር አለባቸው። ለመዝናኛ የሚጠልቅ ሰው ወሰኑ 40 ሜትር ነው። እኔ የምዋኝበት ገንዳ ደግሞ ቢበዛ ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። «500 ሜትር» የሚለው ጽሑፍ ፊቱ ላይ ስላማረኝ፣ በየቀኑ እጅጌዬ የሚሰናከልበትን ውፍረት ገዛሁ። ቱዶር የብላክ ቤይ ሰዓቱን በ2012 በ41 ሚሊ ሜትር ጀምሮ፣ በ2018 በ39፣ በ2023 ደግሞ በ37 ሲያወጣ ከስፋቱ ይልቅ እኔን ያስቀናኝ ውፍረቱ ነው። የ39ኙ ውፍረት 12 እንኳ አይሞላም፤ 200 ሜትር ግን ይችላል። ለእኔ ከዚያ በላይ ጥልቀት ምን ያደርግልኛል?

በአምስተኛው ወር ልሸጠው ወሰንኩ። ከመሸጤ በፊት ግን ማሰሪያውን አንድ ሰው እንዲያይልኝ ብዬ ወደ አንድ ሰዓት ጠጋኝ ወሰድኩት። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ሰዓቱን ሳይሆን መጀመሪያ እጄን ነው ያዩት። ገልብጠው የታችኛውን ክፍል አዩና ማሰሪያውን መቁጠር ጀመሩ።

«ከላይ ስድስት፣ ከታች ሦስት» አሉ። «ማነው ያሳጠረልህ?»

«የገዛሁበት ቤት ናቸው ጋሼ።»

«ሁሉንም ካንዱ ወገን ነው ያወጡት። ልጄ፣ ሰዓቱ አልሰፋብህም። መቆለፊያው ነው ቦታውን የሳተው።»

አንዱን ቁራጭ ከላይ ነቅለው ወደ ታች አዛወሩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። መቆለፊያው ከእጄ ሥር መሃል ላይ መጣ፤ ሰዓቱም ከላይ መሃል ላይ ተቀመጠ። መዘንበሉ በግማሽ ቀነሰ። ለአምስት ወር ስረግመው የነበረው ጥፋት ከፊሉ የፋብሪካው ሳይሆን፣ የገዛሁ ዕለት የተሠራ የአሥር ደቂቃ ሥራ ነበር። እውነቴን ነው የምለው፣ ተናደድኩ። ይህን ያህል ዋጋ ያለው ነገር የሚሸጥ ቤት ማሰሪያውን ከሁለቱም ወገን ማሳጠር እንዴት ያቅተዋል?

ግማሹ ችግር ግን አልሄደም። መጥበቅና መላላቱ አለ፣ 56ቱም አለ። ሰብማሪነር መቆለፊያው ላይ፣ ምንም መሣሪያ ሳያስፈልግ ማሰሪያውን በሁለት በሁለት ሚሊ ሜትር የሚያስረዝምና የሚያሳጥር ነገር አለው። የእኔ አራት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ናቸው ያሉት፤ ለመቀየር መርፌ የመሰለ መሣሪያ ያስፈልጋል። በቀን ሁለት ጊዜ ያንን ማን ይሠራዋል?

በሰባተኛው ወር እኚያው ሰው ጋ ተመለስኩ። ብረቱን አውልቀው ለስላሳ የላስቲክ ማሰሪያ ገጠሙልኝ። ላስቲኩ ከቀንዱ እንደወጣ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። 56 የነበረው ወደ 51 ተመለሰ። ሚዛን ላይ ሳወጣው 190 ግራሙ 130 ሆኗል። እጄን ወደ መስኮት አዙሬ ከጎን አየሁት። ብርሃን አያልፍም።

እንዲህ ይሆናል ብዬ ጨርሶ አልጠበቅሁም። ያው ቀፎ፣ ያው ውፍረት፣ ያው 42 ነው። ግን ሌላ ሰዓት ያሰርኩ ያህል ነው የተሰማኝ። ኪቦርድ ላይ አይወጋኝም። ሲሞቀኝ ላስቲኩ አብሮኝ ይለጠጣል። እጅጌዬ አሁንም ይሰናከላል፤ እሱ አይቀየርም።

አሁን ከዚያ ሻጭ ጋር በሐሳቤ ስከራከር ይችን ነው የማነሳበት። ላስቲክ ስጠይቀው «እሱ ለስፖርት ነው፤ እንዲህ ዓይነት ሰዓት በብረት ነው የሚያምረው» ብሎኝ ነበር። ወንድሜ፣ ይህ የጠላቂ ሰዓት ነው! የመጥለቂያ ልብስ ውስጡ በጥቃቅን የአየር አረፋዎች የተሞላ ነው። 10 ሜትር ሲወረድ ግፊቱ እጥፍ ይሆንና ልብሱ ይሳሳል፤ ከልብሱ በላይ የታሰረው ሰዓትም ይላላል። ሴይኮ በ1975 ባወጣው የ600 ሜትር ሰዓት ላይ እንደ አኮርዲዮን የተጣጠፈ ማሰሪያ የሠራው ለዚህ ነው። ማሰሪያው ተለጥጦ ይታሰራል፤ ልብሱ ሲሳሳ ራሱ ይሰበሰባል። ቀፎውንም በቲታኒየም ሠርቶታል፤ ቲታኒየም ክብደቱ ከብረት ግማሽ ትንሽ ቢበልጥ ነው። እጅ መጠኑን እንደሚቀያይር እነዚያ መሐንዲሶች ያኔ አውቀውታል። ላስቲክ የዚህ ሰዓት የራሱ ልብስ ነው።

እንግዲህ ድጋሚ እገዛዋለሁ ወይ? አልገዛውም። ዛሬ ብመርጥ ከቀንድ ጫፍ እስከ ቀንድ ጫፍ ከ48 የማይበልጥ፣ ውፍረቱ ከ12 የማያልፍ እፈልጋለሁ። ማሰሪያው ሳያጥርልኝ ገንዘብ አልከፍልም። ካጠረልኝም በኋላ ሩብ ሰዓት ያህል ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እጄን ጠረጴዛ ላይ አሳርፌ እቆያለሁ። በሁለት ጣቱ የሚይዝልኝ ሰው ካለ ልቀቀው እለዋለሁ።

እሸጠዋለሁ ወይ? እሱንም ተውኩት። በሰባተኛው ወር ብትጠይቁኝ መልሴ ሌላ ነበር። የብረት ማሰሪያው ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። መሙያው እጄ ላይ ያወጣው ቀይ ምልክት ጠፍቷል። ዛሬ ጠዋት ገንዳው ዳር ተቀምጬ ቀለበቱን ወደ ደቂቃው መርፌ አዞርኩና ገባሁ። 40 ደቂቃ ዋኝቼ ስወጣ ሰዓቱ ያሰርኩበት ቦታ ላይ ነበር። ከሰኞ ጀምሮ አንድ ጊዜም አላስተካከልኩትም።