የጡብ ምድጃችሁ ተሰነጠቀ? ከማፍረሳችሁ በፊት እኚህን ግንበኛ አነጋግሩ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ምስጋናም ነው፣ ጥቆማም ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ቻሉኝ።

ጓሯችን ውስጥ በእንጨት የሚነድ የጡብ ምድጃ አለን። የሠራነው ራሳችን ነን፣ እኔና ባለቤቴ። ጉልላቱ ጡብ ነው፣ ከላይ ልስን አለው፣ ከአፉ በላይ ደግሞ የብረት ጭስ ማውጫ። እያደር መሰንጠቅ ጀመረ። መጀመሪያ ልስኑ ላይ ፀጉር የሚያክል መስመር ታየ፣ ቀጥሎ ጭስ ማውጫው ሥር ወፈር ያለ፣ ከዚያ ጉልላቱ ውስጥ ሌላ። ቀድሞ ያየልን አንድ ሠራተኛ ያገኘውን ስንጥቅ ሁሉ በሲሚንቶ ደፍኖ፣ ቧንቧውንም ዙሪያውን ጥርቅም አድርጎ አስሮ፣ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ሲሚንቶው ብዙም ሳይቆይ እየተቀረፈ ፍሙ ላይ ይወድቅ ጀመር። ሌላው ደግሞ አንዴ አየት አደረገና "ይሄ አብቅቶለታል፣ ይፍረስና እንደ አዲስ ይሠራ" አለን።

እኚህን ግንበኛ ሰው የጠቆመን ያኔ ነው። ስማቸውን እዚህ አልጽፍም፣ እንዲህ አደባባይ መውጣት አይወዱም። እኔ ጋሼ ነው የምላቸው፣ እዚህም ጋሼ እያልኩ ልቀጥል።

ጋሼ ሲመጡ መዶሻም መሮም አላወጡም። ያወጡት እርሳስ ነው። የእያንዳንዱን ስንጥቅ ጫፍ ምልክት አደረጉበት፣ ወርዱን ለኩ፣ እዚያው አጠገቡ ጻፉት። ከዚያ "በሉ እሳት አንድዱ" አሉ። ባለቤቴ ፊቱ ላይ ያለውን ብታዩት! ልንጠግን ነው ብሎ ጓንት አጥልቆ ነበር። ምድጃው ሲግል እንደገና ለኩ፣ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ለኩ። ለካ የትኛው ስንጥቅ በሽታ እንደሆነ የትኛው እንዳልሆነ የሚታወቀው እንዲህ ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ጡብ ሲግል ይሰፋል። አንድ ሜትር የሚሆን የጡብ ግንብ ሙቀቱ በ500 ዲግሪ ሲጨምር ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ይረዝማል። ኢምንት ይመስላል። ግን ግንብ እንደ ላስቲክ አይሳብም። ውስጡ ግሎ ሲሰፋ ውጪው ገና ቀዝቃዛ ነው፣ ስለዚህ ውስጡ ይገፋል፣ ውጪው ይቀደዳል። እንዲህ ያለው ስንጥቅ እሳት ሲነድ ከፈት ይላል፣ ሲበርድ ተመልሶ ይዘጋል። ጋሼ እሱን እያሳዩኝ "ልጄ፣ ይሄ መተንፈሻው ነው፣ አትንኪው" አሉኝ። እዚህ ላይ ብትደፍኑት አጠገቡ ሌላ ይከፈታል። የእኛም ያደረገው ልክ እንደዚያ ነበር፣ ከሲሚንቶው ድፍን ጎን ለጎን አዲስ መስመር።

የሚያሳስበው ሌላው ነው። ሲበርድ የማይመለስና በየእሳቱ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ። በጣት ሲዳሰስ አንዱ ጡብ ከጎረቤቱ ዝቅ ብሎ የሚገኝበት። ደግሞ ከሁሉም በላይ የቅስቱ እግር ወደ ጎን ሲከፈት። ጉልላት የሚቆመው ጡቦቹ እርስ በርስ ስለሚገፋፉ ነው፣ ማያያዣው ስላጣበቃቸው ብቻ አይደለም። ስለዚህ ማያያዣው መሰንጠቁ ብቻውን ጉልላት አይጥልም። እግሩ ከተንሸራተተ ግን የሚገፋፋ የለም፣ ያኔ ነው የሚወርደው። የእኛ ምድጃ አፍ ላይ ያለው ቅስት በግራ በኩል ደጋፊው ቀጭን ስለነበር ትንሽ ተገፍቶ ነበር። ጋሼ ሥራቸውን የጀመሩት ከዚያ ነው፣ ሁላችንም ካፈጠጥንበት ከልስኑ አይደለም። ከጎኑ ወፍራም የጡብ ደጋፊ ገነቡለት።

ሲሚንቶውን በተመለከተ ደግሞ ለምን እንደተቀረፈ ጠየቅኳቸው። ተራ ሲሚንቶ ከ400 ዲግሪ ሲያልፍ ውስጡ ያለው ውሁድ ይፈርሳል፣ ውሃው ይወጣና ያልበረደ (ውሃ ያልጠጣ) ኖራ ይቀራል። ምድጃው ሲቀዘቅዝ ያ ኖራ ከአየሩ እርጥበት ይስብና ያብጣል፣ ከዚያ ይፈረፈራል። አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ የሚባል ማዕድንም 573 ዲግሪ ላይ ድንገት ይሰፋል። "እኛ እኮ ያን ያህል አናነድም" ብዬ ተከራከርኩ። ሳቁብኝ። ጉልላቱ ውስጥ ያለው ጥቁር ጥላሸት ተቃጥሎ ጡቡ ጠርቶ ሲታይ፣ እዚያ ጋ ሙቀቱ ከ350 ዲግሪ አልፏል ማለት ነው። የእኛ ሁሌም ይጠራል።

ውስጥ ያለውን ዋናውን ስንጥቅ የሞሉት ከሥሩ ነው። አሮጌውን ሲሚንቶ ጫሩ፣ አቧራውን በብሩሽ አወጡ፣ ከዚያ ጡቡን ውሃ አርከፈከፉበት፣ ምክንያቱም ደረቅ ጡብ የማያያዣውን ውሃ መጥጦ ሳይጣበቅ ያስቀረዋል። የሞሉበት እሳት የሚችል የሸክላ አፈርና ደቃቅ አሸዋ ነው፣ በጥቂት በጥቂቱ፣ ወደ ውስጥ እየተጫኑ። ሆን ብለው ለስለስ ያለ አደረጉት። ማያያዣው ከጡቡ ከበረታ የሚሰነጠቀው ጡቡ ይሆናል አሉ። አዲስ ጡብ የገባበት ቦታ ላይ ግን ሌላ ቅልቅል ተጠቀሙ፣ በስፍር 3 አሸዋ፣ 1 ሲሚንቶ፣ 1 የበረደ (ውሃ የጠጣ) ኖራ፣ 1 እሳት የሚችል ሸክላ ዱቄት። "ሲሚንቶን ሲያሙት ቆይተው ደግሞ!" አልኳቸው። ሲሚንቶው መጀመሪያ ጡቡን ይዞ ያቆማል፣ በኋላ ሙቀቱ ሲጨርሰው ኖራውና ሸክላው ይረከቡታል። አሪፍ ነው አይደል?

ጭስ ማውጫው ሥር ያለው ወፍራም ስንጥቅ ደግሞ የመጣው ከቧንቧው ነው። ብረት በሙቀት ሲሰፋ ከጡብ እጥፍ ያህል ይሰፋል። ዙሪያውን በሲሚንቶ ከታሰረ መሄጃ የለውም፣ የያዘውን ይሰነጥቃል። ጋሼ ያን ሁሉ ሲሚንቶ ፈልቅቀው አወጡና ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት ትተው ሙቀት በሚችል የፋይበር ገመድ ሞሉት። ጉልላቱና የአፉ ቅስት የሚገናኙበት ላይም እንደዚያው አደረጉ። ሁለቱ እኩል አይግሉም፣ ስለዚህ ለየብቻ መንቀሳቀስ አለባቸው። የወለሉን ጡቦችም አይተው "ጥሩ፣ በማያያዣ አላጣበቃችሁትም፣ እንዲሁ ተውት" አሉን።

የውጪውን ልስን አንስተው ጉልላቱን ሙቀት በሚችል፣ እንደ ብርድ ልብስ በሚነጠፍ የሴራሚክ ፋይበር አለበሱት። እያንዳንዱ ንጣፍ 25 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ እስከ 1260 ዲግሪ የሚችል ነው። ያን ሲቆርጡ ማስክና ጓንት አድርገው ነበር፣ እኛንም ከአካባቢው አባረሩን፣ ብናኙ ለሳንባ ጥሩ አይደለም። ልስኑ ከዚያ በላይ ነው የመጣው። አሁን ጉልላቱ ከሥር ቢንቀሳቀስ ልስኑን ይዞት አይቀደድም።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት የሚፈትነው ነው። ማድረቅ! ባለቤቴ በዚያው ቀን ሊያነድ ነበር። ጋሼ እንጨቱን ከእጁ ተቀበሉት። ትኩስ ማያያዣ ውስጥ ውሃ አለ፣ ውሃ እንፋሎት ሲሆን 1,600 ጊዜ ያህል ቦታ ይይዛል፣ መውጫ ካጣ ጡቡንም ማያያዣውንም እየፈነቀለ ይወጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ፀሐይ ሳያገኘው ለቀናት በጥላ ቆየ። ከዚያ የጭራሮ እሳት ብቻ፣ ነበልባሉ ጣሪያውን የማይነካ፣ ከ100 እስከ 150 ዲግሪ የሚሆን። በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየተጨመረ ወደ 300 ገደማ ደረሰ። ሙቀቱን በርቀት በሚለካ ቴርሞሜትር እየለካን ቁጥሩን እንልክላቸው ነበር፣ አንድ ቀን ቸኩለን ከፍ ስናደርገው ስልክ ደውለው ተቆጡን። ከተላጡ ጡቦችና ከተሰነጠቁ አዳዲስ ምድጃዎች ብዙዎቹ የሚበላሹት በዚህ ጥድፊያ ነው ይላሉ፣ እኔም አሁን አምናለሁ። በተረፈ የጋለ ምድጃ ላይ ውሃ አታፍስሱ፣ እሳቱን ለማጥፋትም ቢሆን።

ጥገናው አልቆ ጭስ ማውጫውን ለአፍታ ሸፍነው ከውስጥ የሚያጨስ ነገር አነደዱ። ጭሱ በአፉ በኩል ብቻ ተመለሰ። በስንጥቆቹ በኩል ምንም የለም።

አሁን ስንጥቅ የለም ብዬ አልዋሻችሁም። አለ። ጋሼ ሆን ብለው የተዉዋቸው ቀጫጭን መስመሮች እንዳሉ ናቸው፣ ሲግል ይታያሉ፣ ሲበርድ ፈልጎ ማግኘት ይቸግራል። ባለቤቴ ይሄ ብዙም አልተዋጠለትም ነበር፣ ከፍለን ስንጥቅ ይቀራል ወይ ብሎ። እኔ ግን ያደነቅኳቸው በዚሁ ነው። ሁሉንም ደፍነው፣ ለሁሉም ሊያስከፍሉን ይችሉ ነበር። ላልነኩት ሒሳብ አልጠየቁም። ምድጃው ሙሉ በሙሉ ፈርሶ ቢሠራ የሚያገኙት ደግሞ ከጥገናው ብዙ እጥፍ ነበር።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅዎ ካነበበልዎት፣ እግዜር ይስጥልን። እጅዎ ይባረክ።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ከመደወላችሁ በፊት ግን ምድጃው ቀዝቅዞ አንድ፣ ግሎ አንድ ፎቶ አንሱ፣ ስንጥቁ አጠገብ ማስመሪያ አድርጋችሁ። መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው። ዝናብ የሚያገኘው ከሆነ ሸፍኑት፣ በስንጥቁ የገባ ውሃ ነገ እንፋሎት ይሆናል። ምድጃችሁ ቤት ውስጥ ሆኖ በስንጥቁ ጭስ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ፎቶም ቀጠሮም አትጠብቁ፣ ማንደዱን አሁኑኑ አቁሙ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፣ ጋሼ ሥራ ላይ ሆነው ስልክ አያነሱም፣ "ጠዋት እመጣለሁ" ካሉም ምሳችሁን ብሉና ጠብቋቸው።