የትል ኮምፖስት ለመረሬ ጊቢ ያዋጣል ወይ?

ለቸኮለ ሰው ባጭሩ፣ የትል ኮምፖስት፣ ማለት ትሎች የበሰበሰ ነገር በልተው የሚሰሩት ማዳበሪያ፣ ጥሩ ነው፣ ለአበባና ለጎመን መደብ ሳላቅማማ ደግሜ እገዛዋለሁ። ለሳር ግን ሻጮቹ ከሚያወሩለት ግማሹን ነው የሚሰራው፣ እሱንም ውሃው መሄጃ ካገኘ ነው።

አሁን ወደ ዝርዝሩ። ቤታችን አዲስ አበባ፣ ለቡ ነው። ለቡ፣ ቡልቡላ፣ አቃቂ እያለ እዚህ አካባቢ አብዛኛው መረሬ፣ ማለት ሸክላ የበዛበት ጥቁር አፈር ነው፣ እንጦጦ ስር እንዳለው ቀይ አፈር በእጅ ስትነኩት የሚፈረፈር አይደለም። እኛ ጋ ደሞ ቤቱ ሲሰራ የተረፈው ገረጋንቲና የሲሚንቶ ፍርስራሽ ሁሉ እዛው ተደልድሎ ከላይ ስስ አፈር ለብሷል፣ ሪል ስቴት የሚኖር ሰው ይሄን አሳምሮ ያውቀዋል። ክረምት ሲመጣ ውሃ ይተኛበትና ሳሩ ቢጫ ይሆናል፣ በጋ ላይ ደሞ መሬቱ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ምክንያቱም መረሬ ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል ሲደርቅ ይኮማተራል። ምንም የማይመስለው ሰርዶው ብቻ ነው። አህያዋ "እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል" ያለችው በከንቱ ነው፣ ይበቅላል።

ሰፈር ውስጥ የሚመከረው ወይ ቀይ አፈር በሲኖትራክ አስመጥቶ ማስደፋት ነው፣ ወይ አሸዋ መቀላቀል፣ ወይ ደሞ አሁን አሁን ሁሉም የሚያወራለት የትል ኮምፖስት። ቀይ አፈሩን ጎረቤቶቻችን አድርገውት አይተነዋል፣ ላይ ላዩን ያምራል፣ ግን ውሃው ቀዩን አልፎ መረሬው ጋ ሲደርስ እዛው ይቆማል፣ ዞሮ ዞሮ ሥሩ ውሃ ውስጥ ነው። አሸዋውማ ባይወራ ይሻላል፣ ሸክላ የበዛበት አፈር ላይ ትንሽ ትንሽ ስትጨምሩ ሲደርቅ ጡብ ነው የሚሆነው፣ ለውጥ እንዲያመጣ የሚፈልገው የአሸዋ ብዛት ደሞ ሌላ ቤት ያሰራል።

እና ኮምፖስቱን መንገድ ዳር ካሉት ችግኝ ቤቶች ካንዱ ገዛን፣ ስሙን አልጠራም። ልጁ ትሁት ነው፣ በቴሌብር ተቀብሎ በሰአቱ አድርሶልናል፣ በሱ ቅሬታ የለኝም። ወሬው ላይ ግን ቅሬታ አለኝ። "እህቴ፣ ይሄን ከበተንሽበት ዩሪያ ምናምን የሚባል አያስፈልግሽም፣ ከዩሪያ ይበልጣል" አለኝ። በምኑ? ዩሪያ 46 ፐርሰንት ናይትሮጅን ነው፣ ጥሩ የትል ኮምፖስት ደሞ ከ1 እስከ 2 ፐርሰንት ቢሆን ነው። 50 ኪሎ ዩሪያ 23 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል፣ 50 ኪሎ የትል ኮምፖስት አንድ ኪሎ ከያዘ ትልቅ ነገር ነው። ሳር ቶሎ አረንጓዴ ይሁንልኝ ላለ ሰው ዩሪያው ያሸንፋል፣ ግን ዩሪያ አፈሩን አይለውጠውም። የትል ኮምፖስት የሚገዛው ለምግብነቱ ሳይሆን ሸክላው እንዲፈረካከስ፣ አየር እንዲገባው ነው፣ ይሄን ቢነግረኝ ኖሮ ራሱ እገዛው ነበር እኮ።

ሌላው ጆንያውን ከፍተው ትል ማሳየታቸው ነው። "ይኸው በህይወት አለ፣ ጊቢሽ ውስጥ ይራባል" ይላሉ። አይራባም። እነዚህ ቀያይ ትሎች የሚኖሩት የበሰበሰ ነገር ውስጥ ነው፣ መረሬ ውስጥ ብትጨምሯቸው ወይ ይሞታሉ ወይ ይሄዳሉ። ስለዚህ ትል አለበት ብላችሁ አንድ ብር እንዳትጨምሩ። እንደውም ብዙ ትል ካለበት ገና በልተው አልጨረሱም ማለት ነው፣ አልደረሰም።

መድረሱን የማውቅበት ዘዴ ልንገራችሁ። መጀመሪያ አሽትቱት፣ ዝናብ የነካው አፈር ነው መሽተት ያለበት፣ አፍንጫ የሚነካ የሽንት ሽታ ካለው ተዉት። ቀጥሎ ፌጦ። አዎ ያው ቤት ያለው ፌጦ፣ ዓለም ላይ ኮምፖስት የሚፈትሹ ሰዎችም የሚጠቀሙት እሱኑ ነው። አንድ ሰሃን ላይ እርጥብ ኮምፖስት፣ ሌላው ላይ እርጥብ ጥጥ አድርጋችሁ እኩል ፌጦ በትኑባቸው፣ በሁለት በሶስት ቀን ውስጥ ይበቅላል። ኮምፖስቱ ላይ ያለው ከጥጡ እኩል ከበቀለ ጥሩ ነው፣ ከቀረ ወይ ሥሩ ቡኒ ሆኖ ከተኮማተረ ገና ነው፣ ችግኝ ያቃጥላል። የኛው አልፏል፣ ለዚህ ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ነጥብ ያስቀነሰው በኪሎ መሸጡ ነው። እርጥብ ነው የሚመጣው፣ ከገንዘባችሁ ብዙው ለውሃ ነው የሚከፈለው። ጨብጣችሁ ስትጨምቁት ውሃ ጠብ ካለ አትግዙ፣ ከተቻለ ደሞ በኪሎ ሳይሆን በባልዲ ተነጋገሩ። ውስጡ የፌስታል ቁራጭም ነበረበት፣ ትንሽ ነው ግን ያናድዳል። ደሞ ቲማቲም! ሳሩ መሃል ቲማቲም በቀለብን። ትል የሚሰራው ኮምፖስት እንደ ጉድጓዱ ኮምፖስት ስለማይግል ዘሩ አይሞትም፣ ጉድጓዱ በደንብ ከተሰራ ከ55 ዲግሪ በላይ ይደርሳል። ጠንቃቃ አምራች መጀመሪያ አግሎት ነው ለትሉ የሚሰጠው፣ የኛዎቹ ዘለውታል መሰለኝ። ልጆቹ ግን በቲማቲሙ ደስ ብሏቸዋል።

አሁን ሳሩ ጋ እንምጣ። ጊቢያችንን የሚሰሩልን ጋሼ ኮምፖስቱን ገና ሳያዩት "መጀመሪያ ቦይ" አሉ፣ ልክ ነበሩ። ሰሜን ሸዋ፣ እነዋሪ ያለው ገበሬ መረሬ ላይ ከፍ ያለ መደብና ቦይ በእጁ የሚያበጀው ወዶ አይደለም፣ ውሃው ካልወጣ ስንዴም አይሆንም። በአጥሩ ጥግ ጠጠር የሞላ ቦይ አወጡ፣ ሳሩን አጭደው መሬቱን በሹል ብረት ጥቅጥቅ አድርገው በሱት፣ ከዛ ኮምፖስቱን በወንፊት ነፍተን አንድ ሴንቲ እንኳን በማይሞላ ውፍረት በተንነው፣ ሳሩ ጫፉ መታየት አለበት። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ ለአንድ ካሬ አንድ ሴንቲ ማለት 10 ሊትር ነው፣ ሻጩ ከዚህ በላይ ከነገራችሁ መሸጥ ፈልጎ ነው።

ውጤቱ፣ ቦይ ያለበት በኩል ክረምቱን አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፣ ስንጥቁም በበጋ ቀንሷል፣ አልጠፋም። ቦዩ ያልደረሰበት የፓርኪንጉ ጥግ ያው ኮምፖስት፣ ያው ውፍረት፣ ያው ቢጫ። ጎመኑና ጽጌረዳው ግን ሌላ ታሪክ ነው፣ እዛ አንድ ስንዝር ቆፍረን ስለቀላቀልነው አፈሩ አሁን በእጅ ይቆፈራል።

በርካሽ ለሚፈልግ ፍግም ይሰራል፣ ግን ብስል ይሁን፣ ጥሬው የአረም ዘር ይዞ ይመጣል። አመድ ግን መረሬ ላይ አትድፉ፣ አመድ የሚጠቅመው ኮምጣጣ ለሆነው ቀይ አፈር ነው፣ መረሬ በአብዛኛው ኮምጣጣ አይደለም።

ከአምስት ለመደቡ አራት ተኩል፣ ለሳሩ ሶስት። የምታዙ ከሆነ ግንቦት ላይ እዘዙ፣ ሰኔ ከገባ ጆንያዎቹ ደጅ ዝናብ ሲጠጡ ነው የሚውሉት። ነፍተው እንዲሰጧችሁም ጠይቁ፣ ወንፊት አላቸው፣ ካልጠየቃችሁ ግን አይነግሯችሁም።