ባለ ጅማት የጉልበት ሞዴል፦ ከመክፈላችሁ በፊት አጥፋችሁ ዘርጉት

ይህ ግምገማ የኦርቶፔዲክስና የፊዚዮቴራፒ ተማሪዎች የሚማሩበትን፣ በሰው ጉልበት ልክ የተሠራውንና ጅማቶቹ ከጎማ የሆኑትን የፕላስቲክ ሞዴል ይመለከታል። አብዛኛውን ጊዜ የጭን አጥንቱ (ፊመር) የታችኛው ጫፍ፣ ቲቢያ (ትልቁ የቅልጥም አጥንት)፣ ፊቡላ (ከጎኑ ያለው ቀጭን አጥንት)፣ የጉልበት ሎሚው፣ ሁለቱ ሜኒስከሶች (በአጥንቶቹ መካከል ያሉት ትራስ መሰል ክፍሎች) እና አራቱ ዋና ዋና ጅማቶች አሉት። ጥራቱን የሚወስነው ጅማቶቹ የታሰሩበት ቦታ ነው። በደንብ የተሠራው እያንዳንዱ የጉልበት ምርመራ ለምን በዚያ መንገድ እንደሚደረግ በእጅ አስይዞ ያሳያል። በግዴለሽነት የተሠራው ግን ተማሪውን የሌለ ጉልበት ያስጠናዋል፤ እንዲህ ያለውን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

መጀመሪያ መስቀለኛ ጅማቶቹን እዩ። የፊተኛው፣ ማለትም ኤሲኤል፣ በውጨኛው የፊመር ኮንዳይል (በአጥንቱ ጫፍ ያለ ክብ ጉብታ) የውስጥ ግድግዳ ላይ ከኋላ በኩል ተነሥቶ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ እየወረደ በቲቢያ አናት መካከል ከፊት በኩል መታሰር አለበት። የኋለኛው፣ ፒሲኤል፣ ከውስጠኛው ኮንዳይል ተነሥቶ ወደ ቲቢያ የኋላ ጠርዝ ይወርዳል። በርካሾቹ ሞዴሎች ላይ ሁለቱም ከአንድ ቀዳዳ ወጥተው ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። እንዲህ ከሆነ የትኛው ጅማት የትኛውን እንቅስቃሴ እንደሚይዝ ማሳየት አይቻልም። የውጨኛው የጎን ጅማት እንደ ገመድ ቀጭን ሆኖ ሜኒስከሱን ሳይነካ የፊቡላ ራስ ላይ ያርፋል፤ ቲቢያ ላይ የተለጠፈ ካገኛችሁ ስሕተት ነው። የውስጠኛው ሰፋ ያለና ጠፍጣፋ ነው፤ ከመገጣጠሚያው መስመር በርካታ ሴንቲሜትር ወርዶ ይታሰራል፣ ጥልቁ ክፍሉም ከውስጠኛው ሜኒስከስ ጋር የተያያዘ ነው። ውስጠኛው ሜኒስከስ እንደ ውጨኛው እንደ ልቡ የማይንሸራተተውና ለጉዳት ይበልጥ የሚጋለጠው በከፊል በዚህ መያያዝ የተነሣ ስለሆነ፣ ሁለቱን ለያይቶ የሠራ ሞዴል ትልቅ ትምህርት አጉድሏል።

ከዚያ አጥፉት። ብዙ ሞዴሎች በመካከላቸው የብረት ዘንግ አልፎባቸው እንደ በር ማጠፊያ ብቻ ይንቀሳቀሳሉ። የሰው ጉልበት ግን ሲታጠፍ ፊመሩ በቲቢያው ላይ ይንከባለላል፣ ይንሸራተታልም፤ ሊዘረጋ ሲል ደግሞ በመጨረሻዎቹ ዲግሪዎች ቲቢያው ወደ ውጭ ዞር ብሎ ይቆለፋል። ዘንግ የሌለው፣ ጅማቶቹ ብቻ ያያዙት ሞዴል ትንሽ ቢወላወልም ይሻላል።

ዋጋው የሚገባው ግን ጅማቶቹ በመንጠቆ የሚፈቱበት ዓይነት ነው። ኤሲኤሉን ፈትታችሁ ጉልበቱን ወደ 30 ዲግሪ ገደማ አጥፉት፤ በአንድ እጅ ፊመሩን አጽንታችሁ በሌላው ቲቢያውን ወደ ፊት ሳቡ። ቲቢያው ሲወጣ ይታያል፤ የላክማን ምርመራ ይኸው ነው። ቀጥላችሁ ጉልበቱን 90 ዲግሪ አጥፋችሁ ቲቢያውን እንደ መሳቢያ ወደ ፊት በመሳብ የመሳቢያ ምርመራውን አድርጉ። እዚህ ላይ ሞዴሉ ሊያታልል ይችላል፦ በሁለቱም ማዕዘን እኩል ይወጣል። በሰው ላይ ግን በ90 ዲግሪ ሕመምተኛው ሳያስበው የጭኑን የኋላ ጡንቻዎች ይወጥራል፤ የውስጠኛው ሜኒስከስ የኋላ ቀንድም (የኋላ ጫፉ) ቲቢያውን ያግደዋል። ኤሲኤል ተበጥሶ እያለ የመሳቢያው ምርመራ ደህና መስሎ የሚታየውና ላክማን የሚመረጠው ስለዚህ ነው። አስተማሪው ይህን በቃል ካላከለበት ተማሪው ሁለቱ ምርመራዎች አንድ ናቸው ብሎ ይሄዳል።

አሁን ኤሲኤሉን መልሳችሁ ፒሲኤሉን ፍቱ። በ90 ዲግሪ ቲቢያው በራሱ ክብደት ወደ ኋላ ይሰምጣል። በጤነኛ ጉልበት የቲቢያው የውስጥ ጠርዝ ከፊመሩ ኮንዳይል ወደ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ቀድሞ ይዳሰሳል፤ እዚህ ግን ያ ደረጃ ጠፍቷል። በዚህ ላይ ወደ ፊት ብትስቡት ብዙ የወጣ ይመስላል፤ የሆነው ግን ወደ ቦታው መመለስ ብቻ ነው። ፒሲኤል የተበጠሰበትን ሰው ኤሲኤል ተበጥሶበታል የሚያሰኘው ይህ ስሕተት ስለሆነ፣ ከመሳባችሁ በፊት ሁለቱንም ጉልበት ከጎን አስተያዩ። የጎን ጅማቶችን ስትፈትኑም በ0 እና በ30 ዲግሪ አድርጉት፦ በ30 ብቻ ከላላ ጉዳቱ በጎን ጅማቱ ላይ ነው፤ ተዘርግቶም ከላላ መስቀለኛ ጅማትና መገጣጠሚያውን ከኋላ የሚሸፍነው ከረጢትም አብረው መጎዳታቸውን ጠርጥሩ።

ጎማ የማያስተምረውም አለ። ጤነኛ ኤሲኤል ቲቢያው ሲሳብ በድንገት ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ ጎማ እየለመጠ ይሄዳል። ይህን መቆሚያ በእጅ መለየት የሚቻለው በሰው ላይ ሲሞከር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሞዴሉ በኋላ ተማሪዎች እርስ በርስ ይመረማመሩ። በጉልበት ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ፣ በመገጣጠሚያው መስመር ላይ የሚሰማ ሕመም፣ የጡንቻ መክሳት፣ አካሄድ፣ እነዚህ በፕላስቲክ አይታዩም። ሌላም አደጋ አለው፦ ጉልበትን ለብቻው ቆርጦ ያሳያል። ጉልበቴን አመመኝ ያለ ልጅ ችግሩ ዳሌው ላይ ሊሆን ይችላል፤ የፊመሩ ራስ ከእድገት መስመሩ (አጥንቱ ከሚያድግበት ክፍል) ላይ ሲንሸራተት ሕመሙ ጉልበት ላይ ብቻ ሊሰማ ይችላል። ዳሌን ሳያነሣ የጉልበት ትምህርት የጨረሰ አስተማሪ ሥራውን አልጨረሰም።

ከሞዴሉ ጋር የሚሸጡት የበሽታ ክፍሎች፣ ማለትም የተሸረሸረ ካርቲሌጅ (የአጥንቱን ጫፍ የሚሸፍነው ለስላሳ ሽፋን) እና የተቀደደ ሜኒስከስ፣ ለሕመምተኛ ለማስረዳት ይጠቅማሉ። ለተማሪ ግን ተጨማሪ ገንዘብ ሊወጣባቸው አይገባም፤ ሰው ቆሞ የተነሣው ኤክስሬይ ላይ የመገጣጠሚያው ክፍተት ሲጠብ ማየቱ ይበልጥ ያስተምረዋል።

ጥንካሬን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የሚበላሸው ጎማው ነው። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ላይ ከተቀመጠ ይደርቅና በብሎኑ ዙሪያ ይሰነጠቃል። ታጥፎ ከከረመ ይለጠጥና ጤነኛውም ጅማት የላላ ይመስላል፤ ስለዚህ ዘርግታችሁ አስቀምጡት። በአልኮል አትወልውሉት፣ ቀለሙንና የተጻፉትን ቁጥሮች ሊያነሣ ይችላል፤ ለብ ያለ ውኃና ጥቂት ሳሙና ይበቃል። ብሎኖቹን አልፎ አልፎ አጥብቁ፤ ከመጠን በላይ ከተጠበቁ ግን ፕላስቲኩ ውስጥ ያለው ጥርስ ይበላና ብሎኑ ዳግመኛ አይይዝም። ሻጩን መለዋወጫ ጅማት ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠይቁ፤ ከሌለው ሌላውን ሞዴል ምረጡ።