የቤት ውስጥ የጤና መመርመሪያና የሽያጭ ታክስ፦ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር ሰውም ሆነ በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የሚኖር የሚከፍለው የሽያጭ ታክስ 6 በመቶ በመሆኑ፣ በሁለቱ ግዛቶች መካከል ያለው ልዩነት የሚመነጨው ከታክስ ነፃ የሚደረገው ዕቃ ከሚወሰንበት መንገድ ነው።

ሜሪላንድ ዕቃውን በስሙ ትጠራለች፤ እ.ኤ.አ. ከጁላይ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ቴርሞሜትር፣ የደም ግፊት መለኪያ፣ ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያና የስኳር ሕመምተኞች መገልገያዎች ነፃ ሆነዋል። የ50 ዶላር የግፊት መለኪያ የሚገዛ ሰው 3 ዶላር ይተርፈዋል።

ቨርጂኒያ ግን የምታየው የዕቃውን አገልግሎትና የሚገለገልበትን ሰው ነው። የስኳር ሕመምተኛ ደሙን ወይም ሽንቱን ለመመርመር ሊጠቀምበት የሚችል መሣሪያ ወይም ኬሚካል ለግለሰብ መገልገያ ሲገዛ ነፃ ነው፤ ግዢውም በሌላ ሰው በኩል ሊፈጸም ስለሚችል፣ ለእናቷ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ የምትገዛ ልጅ ታክስ አትከፍልም። የዚህ አጻጻፍ ጥቅም ነገ የሚፈለሰፍ የስኳር መለኪያ ሕጉ ሳይሻሻል መካተት መቻሉ ነው። የግፊት መለኪያ ግን እዚህ አንቀጽ ውስጥ ስለሌለ፣ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግሉ የሕክምና መሣሪያዎችን በሚመለከተው ድንጋጌ መመዘን ይኖርበታል፤ ድንጋጌው መሣሪያው ሕመም ለሌለበት ሰው በአብዛኛው የማይጠቅም እንዲሆን ስለሚጠይቅ፣ ጤነኛውም ግፊቱን በሚለካበት በዚህ ዘመን ለክርክር በር ይከፍታል።

በእኔ ግምት ለሸማቹም ለገንዘብ ተቀባዩም የሚቀለው የሜሪላንድ ዝርዝር ነው። በሁለቱም ግዛቶች ግን ታክሱ የሚታየው በደረሰኙ ላይ እንጂ በመደርደሪያው ዋጋ ላይ ስላልሆነ፣ ከሱቁ ሳይወጡ ደረሰኙን ማየት ይገባል።