የ«ዕድሜ ልክ» ቪፒኤን ከነማውረጃው፦ «እስኪ ይሞክሩት» ሲሏችሁ ገንዘባችሁ አለቀ

ንዴቱ ሳይበርድ ልጻፈው፤ ከበረደ ይሉኝታ ይመጣል።

ሻጩን ታውቁታላችሁ፤ ቪፒኤን፣ ማለትም ሌላ አገር ያላችሁ የሚያስመስል አፕ፣ የሚሸጠው ነው። ገጹ ጥግ ላይ ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰዓት አለ፤ ገጹን ስታድሱት ሰዓቱም እንደ አዲስ ከላይ ይጀምራል። ከሥሩ ሦስት ተስፋ ተደርድሯል፦ አንዴ ከፍለው ዕድሜ ልክ ይጠቀሙ፣ ውጭ አገር ሆነው የየትኛውንም አገር ፕሮግራም ያውርዱ፣ ካልወደዱት በ30 ቀን ውስጥ ገንዘብዎ ይመለሳል። ነገ ተጓዥ የሆነ፣ ተከታታይ ድራማው መሐል ላይ የቀረበት ሰው ይህን ሲያይ እጁ ወደ ካርዱ ይሄዳል። የሚያደቡትም ለእሱ ነው።

አፑ ይጫናል፣ የአገሩ ባንዲራ ይነካል፣ «ተገናኝተዋል» የሚል አረንጓዴ ምልክት ይበራል። የቴሌቪዥኑ አፕ ውስጥ የማውረጃውን ቀስት ስትነኩ መስመሩ መሙላት ይጀምራል። መሐል ላይ ሲደርስ ቀጥ ይልና «ይህ ፕሮግራም ባሉበት አካባቢ አይገኝም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። እንግዲህ ወደ ቻቱ መሄድ ነው።

ቻቱ ላይ ያለው ሰው መጀመሪያ ማር ነው። «ኩኪዎችን ያጥፉ።» ይጠፋሉ። «የስልኩን ጂፒኤስ ይዝጉ።» ይዘጋል። «ሰርቨር 4ን መርጠው ለጥቂት ደቂቃ ያውርዱ፣ እኛ ከዚህ እናያለን።» ይወርዳል፣ ይቆማል። «እሺ፣ አሁን ሰርቨር 9ን።» እንደገና ይወርዳል፣ ይቆማል። «በከፍተኛ ጥራት ቢሞክሩትስ?» ይሞከራል። በመጨረሻ «በቃ፣ ገንዘቤ ይመለስልኝ» ሲባል ሦስቱ ነጠብጣቦች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ይጠፋሉ፣ እንደገና ይመጣሉ። ከዚያ ተጽፎ የተቀመጠ መልስ ዱብ ይላል፦

«ውድ ደንበኛችን፣ መዝገባችን 1.4 ጊጋባይት እንደተጠቀሙ ያሳያል። በውላችን መሠረት ከ500 ሜጋባይት በላይ የተጠቀመ ደንበኛ ተመላሽ ገንዘብ መጠየቅ አይችልም።»

እያንዳንዱን ሜጋባይት «አውርዱ» እያለ ያስወረደው ራሱ ነው! ይህ ሲነገረው «ሌላ የምረዳዎት ነገር ይኖራል?» ይላል። የውሉ አንቀጽ ሽያጩ ገጽ ላይ የት እንደተጻፈ ሲጠየቅ ደግሞ መስኮቱን ዘጋው። በተዘጋው መስኮት ቦታ አምስት ኮከብ መጣ፦ «አገልግሎታችን እንዴት ነበር?» ገንዘቡ እንኳ እንዲህ አያንገበግብም። መናቁ ነው የሚያንገበግበው፤ ሰው ሲጮህ እየሰሙ ኮከብ ስጡን ማለት።

አንድ ነገር ልጨምርላችሁ። ይኸው ድርጅት ማስታወቂያው ላይ «ምንም ዓይነት መዝገብ አንይዝም» ይላል። ታዲያ 1.4 ጊጋባይቱን ማን ቆጠረው? እርግጥ የትኛውን ድረ ገጽ እንደጎበኛችሁ ሳይመዘግቡ የዳታውን መጠን ብቻ መቁጠር ይቻላል፤ ብዙዎቹም ያንን ያደርጋሉ። እነዚህ ግን ያሉት «ምንም» ነው።

ሒሳቡን እንየው። ኔትፍሊክስ ራሱ እንደሚለው የአንድ ሰዓት ምስል በመደበኛ ጥራት እስከ 1 ጊጋባይት፣ በከፍተኛ ጥራት እስከ 3 ጊጋባይት፣ በ4ኬ እስከ 7 ጊጋባይት ይወስዳል። በከፍተኛ ጥራት ሲሰላ 500 ሜጋባይት ማለት ወደ አሥር ደቂቃ ገደማ ምስል ነው። አንድ ሙሉ ክፍል እንኳ አይሞላም። ይሠራል አይሠራም ብሎ በወጉ የሞከረ ሰው ሁሉ ሞክሮ ሳይጨርስ የመመለስ መብቱ ያልፋል። የ30 ቀኑ ዋስትና ለማይነካው ሰው ብቻ የተጻፈ ነው።

ለምን እንደማይሠራ ደግሞ እነሱ አሳምረው ያውቃሉ። የቴሌቪዥን አገልግሎቶች የት እንዳላችሁ የሚያዩት በአይፒ አድራሻችሁ፣ ማለትም ኢንተርኔት ላይ በምትታወቁበት ቁጥር ነው። አድራሻው የየት አገር እንደሆነ ብቻ ሳይሆን ለማን የተመደበ እንደሆነም መዝገብ አለ፦ ለቤት ኢንተርኔት አቅራቢ ነው ወይስ ሰርቨሮች ለሚከማቹበት ዳታ ሴንተር? ርካሹ ቪፒኤን የሚያከራያችሁ የዳታ ሴንተር አድራሻ ነው፣ ያንኑ አድራሻ ለመቶዎች ያካፍለዋል። ከአንድ አድራሻ መቶ የተለያየ አካውንት ሲገባ አገልግሎቱ ማንም ሳይነግረው ይነቃል፣ አድራሻውን ይዘጋዋል። ኔትፍሊክስ በጥር 2016 እ.ኤ.አ. በአንድ ጊዜ 130 አዳዲስ አገሮች ውስጥ ሥራ በጀመረበት ወር ነው ቪፒኤንና ፕሮክሲ (ሌላው አድራሻ መደበቂያ) ላይ ቁጥጥሩን እንደሚያጠብቅ ያስታወቀው። አንድ አድራሻ ሲዘጋ ሌላ መግዛት፣ እሱ ሲዘጋ ደግሞ ሌላ መግዛት ግድ ነው። ይህ በየወሩ ወጪ አለው። አንዴ ብቻ ከከፈለ ደንበኛ ይህ ወጪ ከየት ይሸፈናል? አይሸፈንም። «ዕድሜ ልክ» የሚለው የእናንተን ዕድሜ አይደለም፤ አዲስ ገዢ እስካለ ድረስ የሚቆየውን የድርጅቱን ዕድሜ ነው።

ማውረድ በቀጥታ ከማየት የሚብስበት ምክንያትም አለ። በቀጥታ ስታዩ ስክሪኑ በርቶ፣ ቪፒኤኑም ነቅቶ ነው። ስታወርዱ ግን ስልኩን አስቀምጣችሁ ትሄዳላችሁ፤ ስክሪኑ ይጠፋል፣ ባትሪ ቆጣቢው ቪፒኤኑን ሊያስተኛው፣ ማውረዱም በእውነተኛው አድራሻችሁ ሊቀጥል ይችላል። አፑ ደግሞ አድራሻችሁን አንዴ ብቻ አይደለም የሚያየው፤ ዝርዝሩን ሲያሳያችሁ፣ ፋይሉን ሲልክ፣ የመክፈቻ ፈቃዱን ሲሰጥ ሊፈትሽ ይችላል። መሐል ላይ ቀጥ የሚለው ከእነዚህ በአንዱ ስትያዙ ነው። አንድሮይድ ላይ በቪፒኤን ማስተካከያው ውስጥ «ሁልጊዜ የበራ» እና «ያለ ቪፒኤን ግንኙነትን አግድ» የሚሉት ሁለቱ ካልበሩ እውነተኛው አድራሻችሁ እንዲህ ሊያመልጥ ይችላል። ቪፒኤኑ የድሮውን የአይፒ ሥሪት ብቻ ተሸክሞ አዲሱን፣ አይፒቪ6ን፣ ክፍት ከተወውም፣ የድረ ገጹን ስም ወደ አይፒ አድራሻ የሚያስቀይረው የዲኤንኤስ ጥያቄ በሆቴሉ ዋይፋይ በኩል ከወጣም ያላችሁበት ሊታወቅ ይችላል። የሆቴል ዋይፋይ ራሱ አንዳንድ ጊዜ ዩዲፒ የተባለውን የዳታ መላኪያ መንገድ ይዘጋል፤ በእሱ የሚሄደው ዋየርጋርድ የተባለው የቪፒኤን ዓይነት ያኔ ጨርሶ አይገናኝም፤ ኦፕንቪፒኤን የተባለውን ሌላ ዓይነት ተራ ድረ ገጾች በሚያልፉበት በቲሲፒ ፖርት 443 መሞከር ነው። ቻቱ ላይ ያለው ሰው ከእነዚህ አንዱንም አላነሳም። ኩኪ አጥፉ ብቻ!

አብሮ የሚሸጠው «ማውረጃ» ደግሞ ሌላ ጉድ ነው። የእነዚህ አገልግሎቶች ቪዲዮ የተቆለፈ ነው፤ ቁልፉ ዋይድቫይን፣ ፌርፕሌይ ወይም ፕሌይሬዲ በተባሉ የመቆለፊያ ሥርዓቶች በኩል ለዚያ መሣሪያ ብቻ ይሰጣል። ፋይሉን ከፎልደሩ ገልብጣችሁ ብትወስዱት አይከፈትም። ስለዚህ «ማውረጃው» ከሁለት አንዱን ነው የሚያደርገው፦ ወይ ያልተቆለፈ ቪዲዮ ብቻ ያወርዳል፣ ያንን ደግሞ በነፃ የሚያወርድ ሞልቷል፤ ወይ ስክሪኑን ይቀዳል። ስክሪን መቅዳት የአንድ ሰዓት ፕሮግራም አንድ ሰዓት ይፈጃል፣ ሲያበቃም ብዙ ጊዜ ድምፁ አለ፣ ምስሉ ጥቁር ነው፤ ምስሉ በተጠበቀ መንገድ ሲያልፍ ቀጂው አያየውም። ቁልፉን እሰብራለሁ የሚል ከመጣ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ከ1998 እ.ኤ.አ. ሕግ ጀምሮ የተከለከለ ነው፣ የአውሮፓ ኅብረትም ተመሳሳይ ክልከላ አለው።

«እንግዲያስ ነፃውን ልጠቀም» የምትሉ አትቸኩሉ። በግንቦት 2024 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር 911 ኤስ5 የተባለውን የተጠለፉ ኮምፒውተሮች መረብ ሲያፈርስ ከ19 ሚሊዮን በላይ አይፒ አድራሻዎች ተጠልፈው ተገኝተዋል፤ ብዙዎቹ የተጠለፉት ማስክቪፒኤን እና ዲውቪፒኤን በመሳሰሉ ነፃ ቪፒኤኖች በኩል ነበር። ሰዎቹ የሌላ አገር አድራሻ አገኘን ሲሉ የራሳቸው የቤት አድራሻ ለወንጀለኛ ይከራይ ነበር።

ያለ ቪፒኤን የሚሆነው መንገድ የሚገርም አይደለም፤ ሳይወጡ በፊት በአገልግሎቱ በራሱ አፕ ማውረድ ነው። በቢቢሲ አይፕሌየር (የቢቢሲ የቴሌቪዥን አፕ) ዩናይትድ ኪንግደም ውስጥ ሆናችሁ ያወረዳችሁትን ውጭ አገር ማየት ትችላላችሁ፤ ማውረዱ ግን እዚያው ሳላችሁ ማለቅ አለበት። ኔትፍሊክስ ላይ አንዳንዱ ከወረደ በ7 ቀን፣ አንዳንዱ ማጫወት በጀመራችሁ በ48 ሰዓት ውስጥ ጊዜው ያልፋል፤ ሌላ አገር ስትገቡ የማይከፈትም አለ። የአውሮፓ ኅብረት ነዋሪ ከሆናችሁ ደግሞ ከሚያዝያ 1 ቀን 2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የከፈላችሁበት አገልግሎት ኅብረቱ ውስጥ ለጊዜው ስትጓዙ የአገራችሁን ዝርዝር ያለ ተጨማሪ ክፍያ የማሳየት ግዴታ አለበት። ለዚያ ጉዞ ቪፒኤን የሸጠላችሁ ሰው በነፃ የተሰጣችሁን ነው የሸጠላችሁ።

ቪፒኤን ካስፈለጋችሁም፣ አገልግሎቱ በደንቡ ሊከለክለው እንደሚችል አውቃችሁ፣ የአንድ ወሩን ብቻ ግዙ። ከመክፈላችሁ በፊት የተመላሽ አንቀጹ ውስጥ «ሜጋባይት» የሚለውን ቃል ፈልጉ፤ ካገኛችሁት ገጹን ዝጉ። የተሸወዳችሁ ደግሞ የካርዳችሁን ባንክ ክፍያውን እንደምትቃወሙ ንገሩት። ማስረጃችሁ «አውርዱ» ብሎ ያዘዛችሁ ቻት ነውና ገንዘቤ ይመለስ ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት ስክሪኑን ፎቶ አንሱት፤ መስኮቱ ሲዘጋ ንግግሩም አብሮ ይጠፋል።